ሥዕሉ የተቆረጠበት ካርድ

ወርቅነሽ ላምቤቦ የሞተችው ማንበብ ስለቻለች ነው። ፊደል ባትቆጥር ኖሮ ዛሬም ወለሉን እየጠረገች ሠዓሊውን ዳኘን «ቀለምህን መሬት ላይ አትድፋ» እያለች ትቆጣው ነበር።

ወርቅነሽ በሆሳዕና የመሠረተ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ጠርጋ ስትጨርስ ደግሞ እዚያው ተማሪ። ዓርብ ማታ ከዕቃ ክፍሉ መደርደሪያ፣ «ዱቄት» የሚል ካርድ ከተለጠፈበት ጣሳ ዱቄት ቀድታ ሄደች። ቅዳሜ ቂጣ ጋገረች። እሑድ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ እዚያው አረፈች። የቀበሌው ጠባቂ ከዚያ ጣሳ ጥቂት ወስዶ ለዶሮ በተነ፤ ዶሮዋም ሞተች። ጣሳው ውስጥ የነበረው የአይጥ መርዝ የተቀላቀለበት ዱቄት ነው። ንጹሑ ዱቄት ያለው ጣሳ ደግሞ «መርዝ» የሚል ካርድ ተለጥፎበት ጎኑ ተቀምጧል።

መቶ አለቃ ገነቴ ሰኞ ጠዋት ስትደርስ የ1974 የበልግ ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶት ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ብዙነህና የክፍሉ ኃላፊ ወልደኪዳን በሩ ላይ ጠበቋት።

«ወንድ መርማሪ አጥተው ነው?» ብሎ ብዙነህ በኃላፊው ጆሮ አንሾካሾከ።

«አጥተው ነው» አለች ገነቴ የጫማዋን ጭቃ በድንጋይ እየፋቀች። «ወንዶቹ ፊርማ ላይ ናቸው።»

ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ያለቀ ነው። ካርዶቹን ያቀያየረችው መምህርቷ ማርታ ናት። ሚሲዮን ቤት ያደገች ናት፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ለማሰናከል ያደረገችው ነው። ከቀትር በኋላ የደኅንነት መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

«ያለቀ ከሆነ ለምን ጠራችሁኝ?»

«የእርስዎም ፊርማ ያስፈልጋላ!»

ያ መኪና የወሰደውን ሰው ቤተሰቡ ስንቅ የሚያደርስበት ቦታ እንኳ አያገኝም። ገነቴ ይህን ታውቃለች። ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባች።

በክፍሉ ውስጥ ስም ያልተንጠለጠለበት ዕቃ አልነበረም። መቀሱ፣ መዶሻው፣ የማባዣ ማሽኑ፣ መጥረጊያው፣ ሁሉም በአማርኛና በሀዲይኛ የተጻፈበት ቡናማ የካርቶን ካርድ በክር ታስሮለታል።

«ቅዳሜ ለእንግዶች ስናሳይ እንዴት ያምር ነበር!» አለ ብዙነህ። «ዛሬ ደብዝዞብኛል።»

«የሰው ሞት ያደበዝዛል» አለ ወልደኪዳን በሐዘን። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የተለካ ሰው ነው። ከዚያ የማስተማሪያ ዘዴውን አስረዳት። «መጀመሪያ ሥዕልና ቃል አንድ ላይ ይቀርባሉ። ተማሪው ሲለምድ ሥዕሉ ይቆረጥና ቃሉ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻ መምህርቷ ካርዶቹን ከዕቃ ዕቃ ታቀያይራለች፤ ተማሪው እያነበበ ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ሐሳቡ የማርታ ነው። እኔ ጠቃሚ መስሎኝ ፈቀድኩ። ዓርብ ስታቀያይር የሁለቱን ጣሳዎች መመለስ ረስታ ይሆናል። ሆን ብላ ነው ለማለት ግን ይከብደኛል።»

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ። ያለው አንድ ነው፤ ጠዋት የምከፍተው፣ ሠራተኞቹ ሲወጡ የምዘጋው እኔ ነኝ።»

«ከዓርብ ወዲህ እዚህ ምን ነክተዋል?»

«እንግዶቹን ከማስጎብኘት በቀር ምንም።»

ገነቴ ሁለቱ ጣሳዎች ፊት ቁጢጥ አለች። ሁለቱም የእርዳታ ዘይት የመጣባቸው ናቸው፤ አንዱን ካንዱ መለየት አይቻልም። የእነዚህ ካርዶች እንደሌሎቹ በክር አልታሰሩም፤ በሙጫ ተለጥፈዋል። የ«መርዝ» ካርድ የላይኛው ግማሽ በመቀስ ተቆርጧል። የሁለቱም ካርዶች ማዕዘን ተቀድዷል። በሁለቱም ጣሳዎች አፍ ሥር በምስማር የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ ከአንደኛው የሽቦ ቁራጭ ብቅ ብሏል። ካርዶቹ ጠርዝ ላይ፣ ሙጫው ተርፎ በፈሰሰበት፣ ጥቃቅን ጉንዳኖች ተኮልኩለዋል። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካቻቸው። አልተንቀሳቀሱም።

«ጉንዳን ትመረምሪያለሽ እንዴ?» አለ ብዙነህ ማክበሩን ረስቶ።

«ከሰው ያነሰ ይዋሻል።»

ማርታ በመማሪያ ክፍሉ ተቆልፎባት በተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጉዞ ያቆሸሸውን ቀሚሷን ገና አልቀየረችም። ገነቴ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ዓርብ ካርዶቹን አቀያይረሻል?»

«አዎ። የመቀሱን፣ የመዶሻውን፣ የመጥረጊያውን። ጣሳዎቹን ግን ከጨዋታው አስገብቼ አላውቅም። ማንም እንዳይነካቸው በሽቦ አስሬያቸዋለሁ።»

«አሁን በሙጫ ነው የተለጠፉት።»

«በሙጫ?» ማርታ ቀና አለች። «እኔ ካርድ በሙጫ አልለጥፍም። ተነስቶ ካልተመለሰ ምን ይሠራልኛል?»

«ከመርዙ ካርድ ላይ ሥዕሉን የቆረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። የራስ ቅል ነበረበት። የጠየቀችኝ እትዬ ወርቅነሽ ናት። ‹ልጄ፣ ሁሉም ያለ ሥዕል ሲያነብ እኔ ብቻዬን የሙት ጭንቅላት እያየሁ እስከ መቼ? አንሺልኝ› አለችኝ። ሐሙስ ሁሉንም ቃል ፈተንኳትና ቆረጥኩላት።»

«ዱቄቱን እንድትወስድ የፈቀደላት አለ?»

«ሁላችንም። ደመወዟ አይበቃትም። ዓርብ ዓርብ ለሙጫ ከሚቀመጠው ዱቄት ሁለት ሦስት ኩባያ ትሰፍራለች።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ትምህርቱ እንዳለቀ፣ ቀትር ላይ በጭነት መኪና ወደ ዱራሜ ሄድኩ። የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። የይለፍ ወረቀቴን የፈረመልኝ ጓድ ብዙነህ ራሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ከመኪናው ስወርድ ያዙኝ።»

«ይህን ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹ተንኮልሽን ሠርተሽ ነው የሄድሽው› አለኝ።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። «መቼ ተቀበረች?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«አልደረስኩም» አለች ማርታ።

ሠዓሊው ዳኘ በረንዳው ላይ ካርድ ላይ ዶሮ እየሣለ ነበር። ገነቴን ሲያይ ብሩሹን ደጋግሞ ውሃ ውስጥ ነከረው።

«ዓርብ ወርቅነሽን አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ። ዱቄቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትወጣ፣ ‹ዳኘ፣ ዛሬ ያንተ ሥዕል ሳያስፈልገኝ አንብቤ ወሰድኩ፤ እንግዲህ ሥራ ፈት› አለችኝ። ‹እንግዲያው ደመወዜን ላንቺ ይስጡሽ› አልኳት። እየሳቀች ሄደች።» ብሩሹ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«የዱቄት ሙጫ የምታፈላው አንተ ነህ አይደል? ዛሬስ?»

«ገና ነው።»

«ማሰሮህ የታለ?»

«ጠፋ።»

«ማሰሮ እግር የለውም፣ ዳኘ።»

«ቅዳሜ ጠዋት ያፈላሁት ተበላሸብኝ። ዝንብ ገባበት።»

«ዝንብ ሁልጊዜ ይገባል።»

«ይገባና ይወጣል። ያን ቀን ግን ያረፈው ሁሉ እዚያው ደርቆ ቀረ።» ይህን ካለ በኋላ የኃላፊውን ቢሮ መስኮት ሰረቅ አድርጎ አየ።

«የዓርቡ ሙጫስ?»

«የዓርብ ጠዋቱ ደህና ነበር። ካደረ ስለሚሸት በየቀኑ አዲስ ነው የማፈላው።»

«ከየትኛው ጣሳ?»

«‹ዱቄት› ከሚለው ነዋ።»

«የአይጡ ዱቄት ውስጥ ከመርዙ ሌላ ምን አለ?»

«ስኳር። ስኳር ከሌለው የዚህ አገር አይጥ ዞር ብሎም አያየውም።»

«ስለ ዝንቦቹ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም» አለ፤ ጥያቄው ሳያልቅ።

ገነቴ ጥላው ሄደች። የወርቅነሽ ቤት ከክፍሉ ጓሮ ቁልቁል፣ ከገበያው አጠገብ ነው፤ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ጣሪያው ይታያል። ጎረቤቷ አስካለች በደጃፉ ከለቀስተኞች ተለይታ ተቀምጣለች።

«ቂጣውን መቼ ጋገረች?»

«ቅዳሜ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ። ሀቢቾ መንደር የምትኖረው ልጇ አራስ ናት፤ እሑድ ልትጠይቃት ነበር። ሲበስል አንዱን ቀመሰች። ‹አስካለች፣ የዛሬው ዱቄት ይጣፍጣል፤ የልጅ ልጄ ዕድል ነው› አለችኝ። ‹እስቲ አቅምሺኝ› ስላት፣ ‹የአራስ ነው› ብላ ከለከለችኝ።» አስካለች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «ተቀይሜያት ነበር እኮ።»

የተረፈው ቂጣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ለመንገድ ታስሮ፣ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ገነቴ አውርዳ ይዛው ሄደች።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም በመማሪያ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ማርታ ከአግዳሚዋ አልተነሳችም። ዳኘ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ወልደኪዳንና ብዙነህ ወንበር ተሰጣቸው። ገነቴ ሁለቱን ጣሳዎችና የቂጣውን ጥቅል የመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«መኪናው ደርሷል፤ ያሳጥሩልን» አለ ብዙነህ።

«እርስዎ ካገዙኝ ያጥራል። ቅዳሜ እንግዶቹን ስታስጎበኙ ካርዶቹ ምን ይመስሉ ነበር?»

«ተናገርኩ እኮ! አምረው ነበር። ነጭ ካርቶን፣ በቀይ ቀለም፣ እጅ ጽሑፉ...» ብዙነህ ጠረጴዛው ላይ ወዳሉት ቡናማ ካርዶች አየና አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«የጣሳዎቹም?»

«የጣሳዎቹም። ከአዲስ አበባ የመጡት ጓድ ‹ዱቄት› የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡት። አጨበጨብንላቸው።»

«እነዚህ ግን የማርታ ካርዶች ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ከዓርብ ቀትር በኋላ የማርታን ካርዶች አንስቶ በቀይ የተጻፉትን አደረገ፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ቀዮቹን አንስቶ የማርታን መለሰ። ማርታ በሁለቱም ጊዜ ዱራሜ ነበረች። እርስዎ ፈርመው ነው የሸኟት። ከጉብኝቱ በኋላ ክፍሉ ተቆልፎ ነበር፤ ዳኘ ቁልፍ የለውም።»

ሁሉም ወደ ወልደኪዳን ዞሩ። እሱ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለእንግዳ ቤት ማሳመር ወንጀል ሆነ? የደበዘዙትን ካርዶች ለውጬ ነበር፤ ከጉብኝቱ በኋላ መለስኳቸው። በዚህ ሐዘን መሐል ለመናገር የማይረባ መስሎኝ ነው።»

«ማሳመር ወንጀል አይደለም። ዓርብ የጣሳዎቹን ሽቦ በፒንሳ ቆረጡ፤ ቀዳዳው ውስጥ ቁራጩ አለ። ጣሳዎቹን ወለወሉ፣ ደረደሩ፣ አዲሶቹን ካርዶች አሰሩ። ሁለቱ ጣሳዎች መንታ ናቸው፤ ዱቄቶቹም ይመሳሰላሉ። ተሳሳቱ። ወርቅነሽ ማታ ገብታ የእርስዎን ካርድ አነበበች።»

«ስህተት ነዋ! ራስዎ ስህተት አሉት።»

«የዓርቡን ነው ያልኩት። አሁን ወደ ቅዳሜ እንሂድ።» ጣሳውን ወደ እሱ አዞረችው። «የማርታን ካርዶች ሲመልሱ ሽቦው ማዕዘናቸውን ቀድዶት ስለነበረ ክር አልያዘም። ስለዚህ ለጠፏቸው። ሙጫውን ጉንዳን ወርሮታል፤ ጣፋጭ ነው ማለት ነው። የወረረውም ሁሉ ሞቷል። ጣፋጭና ገዳይ የሆነ ዱቄት እዚህ ግቢ አንድ ብቻ ነው። ከእሱ ሙጫ የተፈላው ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። ዳኘ፣ ያን ማሰሮ ማን ወሰደው?»

ዳኘ በእጁ ወደ ወልደኪዳን አመለከተ።

«እሱ ነው» አለ። «ዝንቦቹን አሳየሁት። ‹ጋሼ፣ ጣሳው ተቀይሯል፤ እትዬ ወርቅነሽም ከዚሁ ወስዳለች› አልኩት። ማሰሮውን ከእጄ ተቀበለኝ። ‹ሰው እልክባታለሁ፤ አንተ ወደ ቤትህ ሂድ፣ እንግዶች ይመጣሉ› አለኝ።»

«ራስህስ ለምን አልሄድክም?» አለች ማርታ።

«አለቃዬ እልካለሁ ካለ...» ዳኘ ፊቱን በቀለም በተነከሩ እጆቹ ሸፈነ። «እሑድ ለቅሶ ስሰማ ጠየቅኩት። ‹ከተናገርክ መርዙን ያቦካኸው አንተ ነህ› አለኝ።»

ወልደኪዳን አልካደም። የሸሚዙን እጅጌ ሲያስተካክል ቆየ።

«ልልክባት ነበር» አለ በመጨረሻ። «እንግዶቹ ደረሱ። ከዚያ ምሳ ሆነ። ለፓርቲ አባልነት ታጭቻለሁ፤ ዕቃ ክፍሌ መርዝና ዱቄት የማይለይ መሆኑ በእነሱ ፊት ቢሰማ... ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ አልኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ፣ ምናልባት በልታ ይሆናል፣ ከበላችም ያለቀ ነው፣ ካልበላችም ላትበላው ትችላለች እያልኩ...»

«ከምሳ በኋላ አልበላችም ነበር» አለች ገነቴ። «የጋገረችው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት ካርድ ይለጥፉ ነበር። የሞት ወሬ ሳይመጣ የማርታን ካርዶች እንደተቀያየሩ ለጥፈው ጥፋቱን የሚሸከም ሰው አዘጋጁ። ከጓሮው አጥር ላይ ሆነው ቢጠሯት ትሰማዎት ነበር።» ጥቅሉን ፈታችው። የደረቁት ቂጣዎች በእንሰት ቅጠሉ ላይ ታዩ። «ይህ ለአራስ ልጇ ነበር። በዚያ ሌሊት ባትታመም ኖሮ ሀቢቾ ደርሶ አራሷም ትበላው ነበር።»

ወልደኪዳን ቂጣውን ላለማየት አንገቱን አዞረ። ገነቴ ከበሩ የቆመውን ፖሊስ ጠቀሰችው፤ ፖሊሱም ኃላፊውን ክንዱን ይዞ አስነሳው። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

ብዙነህ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ላቡን ጠራረገ፤ ከዚያ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ጀርባው ላይ ጥቂት መስመሮች ጫረ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ የእርስዎን ሥራ እርስዎ ያውቃሉ። የቀበሌው ሪፖርት ግን እንዲህ ሆኖ ወደ ላይ አይሄድም። ለአባልነት የታጨ ሰው፣ እንግዶች ባጨበጨቡበት ቀን! ዘመቻው ይሰደባል። ሟቿ ገና ጀማሪ ነበረች፤ ጨለማም ነበር፤ አሳስታ አነበበች። በቃ። መምህርቷ ‹ተማሪዬ ማንበብ በሚገባ አልቻለችም ነበር› ብላ ትፈርምልኝ። መኪናው ባዶውን ይመለሳል።»

«እኔ የጻፍኩት ተጽፏል» አለች ገነቴ። «ሰውየው ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

«ይሂድ። እኔ የምፈልገው የእሷን ፊርማ ነው። ፈርሚና ቤትሽ ግቢ፣ ማርታ። ነገ ክፍልሽን ትከፍቻለሽ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።»

ገነቴ ስለዚያ መኪና የምታዝበት ሥልጣን አልነበራትም። ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። ማርታን አየቻት፤ ፈርሚም አትፈርሚም አላለችም።

ማርታ ወረቀቱን ተቀብላ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበችው። እስክሪብቶውን ከብዙነህ እጅ ወሰደች። ብዙነህ በረጅሙ ተነፈሰ። እሷ ግን እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድማ አስቀመጠችው።

«ሐሙስ ፈትኛታለሁ» አለች። «አንድም አልሳተችም። ውጤቷን አልቀንስባትም።»

ተነሳች። የቀሚሷን ጭቃ አራገፈች፤ በዳኘ ጎን አለፈች።

«ማርታ!» ብዙነህ ወንበሩን እየገፋ ጮኸ። «መኪናው ውጭ ነው እኮ!»

«ሰምቻለሁ» አለችው፤ ወጥታም በሩን ዘጋችው።